የጎውኹፍ ግንብና የኢዛቤላ ጃዊንስካ ስብስብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፖላንድ ውስጥ ስላለው የጎውኹፍ ግንብ ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎችን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዲት ልዕልት ዕድሜዋን ሙሉ ያሰባሰበችው ዕቃ ከየት መጣ? እንዴት ተበተነ? ዛሬስ የት አለ? ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፖላንድ ስሞችን ደግሞ አገሬው እንደሚጠራቸው ለመጻፍ ሞክሬያለሁ።

ኢዛቤላ ጃዊንስካ ማን ናት?

የቻርቶሪስኪ ቤተሰብ ልጅ ናት። ይህ ቤተሰብ በፖላንድ ታሪክ ከትልልቆቹ መሳፍንት ቤቶች አንዱ ነው። ኢዛቤላ የተወለደችው በታኅሣሥ 1830 ዋርሶ ውስጥ ነው። ወቅቱ ጥሩ አልነበረም። ከመወለዷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ፖላንዶች በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት (ዛር) ላይ ተነሥተው ነበር። አባቷ አዳም ዬዢ ቻርቶሪስኪ የአመፁን መንግሥት መሩ። አመፁ ሲከሽፍ ሩሲያ በሌሉበት ሞት ፈረደችባቸው፤ ቤተሰቡም ተሰደደ።

ስለዚህ ኢዛቤላ ያደገችው ፓሪስ ነው። በ1843 ቤተሰቡ በሴን ወንዝ ደሴት ላይ ያለውን ኦቴል ላምበር የተባለ ያማረ ቤት ገዛ። ያ ቤት የስደተኛ ፖላንዶች ዋና መሰብሰቢያ ሆነ። ፖለቲከኛው፣ ባለቅኔው፣ ሙዚቀኛው ሁሉ እዚያ ይመላለስ ነበር። አገር የሌለው ሕዝብ አገሩን በሰው ሳሎን ውስጥ ሲያቆይ እያየች ነው ያደገችው። በኋላ ያደረገችውን ሁሉ ለመረዳት ይህን መያዝ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ስሟን ከሌላዋ ኢዛቤላ ቻርቶሪስካ ጋር የሚያምታቱት ለምንድን ነው?

ያችኛዋ አያቷ ስለሆነች ነው። አያቲቱ ኢዛቤላ (1746–1835) ፑዋቪ በተባለ ቦታ በ1801 «የሲቢላ ቤተ መቅደስ» የሚባል ሕንፃ ከፍታ የፖላንድ ነገሥታትንና የጀግኖችን ቅርስ አስቀመጠችበት። ሩሲያ፣ ኦስትሪያና ፕራሻ የተባለችው የጀርመን መንግሥት ፖላንድን ተከፋፍለው ከካርታ ካጠፏት ገና ስድስት ዓመት ነበር። በፖላንድ የመጀመሪያው ሙዚየም የሚባለው እሱ ነው። የእኛዋ ኢዛቤላ የልጅ ልጇ ናት። ስሙም ሙያውም ከአያት የወረደ ነው ማለት ይቻላል።

ግንቡ የት ነው? ማንስ ሠራው?

ጎውኹፍ በምዕራብ ፖላንድ፣ በካሊሽ ከተማና በፕሌሼቭ መካከል ያለ ትንሽ ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ምሽግ መሰል ግንብ በ1560 አካባቢ ያሠራው ራፋው ሌሽቺንስኪ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቫትስዋፍ ሌሽቺንስኪ አስፋው፤ ውብ ባለ ቅስት በረንዳ ያለው መኖሪያም አደረገው። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ፈራረሰ። በ1853 ቲቱስ ጃዊንስኪ የተባለ ባላባት ለልጁ ለያን ሲገዛው አብዛኛው ፍርስራሽ ነበር።

ታዲያ እንዴት የእሷ ሆነ?

በ1857 ያን ጃዊንስኪን አገባች። ጋብቻው ደስተኛ አልነበረም፤ ልጅም አልወለዱም። አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት ተለያይተው ነው።

በ1863 ፖላንዶች እንደገና በሩሲያ ላይ ተነሡ። ያን በፕራሻ ግዛት ሆኖ ለአመፁ መሣሪያና ገንዘብ ከሚያሰባስቡት ዋነኛው ነበር። አመፁ ከሸፈ። የፕራሻ ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ፈረደበት፤ ርስቱም ተያዘ። በኋላ ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ፤ ግን ዕዳ ውስጥ ተነክሮ ነበር። ኢዛቤላ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ገንዘብም እዚያው ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ የዕዳው ማካካሻ እንዲሆን ጎውኹፍ ለእሷ ተላለፈ።

አባቷ ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ባሏም እንደዚያው። ከሁለቱም አመፅ የተረፋት አንድ ፍርስራሽ ግንብ ነው። እሱን ይዛ ሥራ ጀመረች።

መሰብሰብ የጀመረችው ግንቡን ካገኘች በኋላ ነው?

አይደለም፤ ቀደም ብላ ፓሪስ ውስጥ ጀምራለች። በዚያ ዘመን ፓሪስ የጥንታዊ ዕቃ ገበያ ዋና ከተማ ነበረች። ትልልቅ ስብስቦች ለጨረታ ይወጣሉ። ጣሊያን ውስጥ ከጥንት መቃብሮች በየጊዜው የሚወጣውም ዕቃ ዞሮ ዞሮ ወደዚያ ይሄዳል። የግሪክ ሸክላዎቹን በመግዛት ባሏ ያን ትልቅ ድርሻ ነበረው። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም፤ ትዳሩ ባይሰምርም ሁለቱም ዓይናቸው የሠለጠነ ነበር። ያን በ1880 ከሞተ በኋላ ግን ሥራውን ወደ ፍጻሜ ያደረሰችው እሷ ናት።

ዕቃ የምትገዛውም ዝም ብላ ለማከማቸት አልነበረም። የትኛው ዕቃ በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ፣ ከየትኛው ምድጃ ጎን እንደሚቆም እያሰበች ነበር የምትገዛው። አንዳንዴ ዕቃው ቀድሞ ይገዛና ክፍሉ በዕቃው ልክ ይሠራል።

ምን ምን ሰበሰበች?

በጣም ዝነኛው የጥንት ግሪክ ሸክላ ነው። ከ200 በላይ ማሰሮ፣ እንስራ፣ ጽዋና ጋን መሰል ዕቃ ነበራት። ብዙዎቹ ጣሊያን ውስጥ ከተገኙ መቃብሮች የወጡ ናቸው። አቴና ውስጥ ተሠርተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ጣሊያን ውስጥ ከሟች ጋር ተቀብረው የኖሩ።

ሁለተኛው የሊሞዥ ኢናሜል ነው። ሊሞዥ የፈረንሳይ ከተማ ናት። የዚያ ባለሙያዎች መዳብ ላይ ቀለም ያለው የብርጭቆ ዱቄት አድርገው በእሳት ያቀልጡታል። ሲበርድ እንደ ዕንቁ ያበራል፤ ለዘመናትም አይደበዝዝም። ኢዛቤላ ከመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሣጥኖችና መስቀሎች ጀምሮ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት የተሳሉ ሳህኖች ድረስ ነበራት። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨኝ የዚህ ክፍል መበተን ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ከእነዚህ ሌላ የህዳሴ ዘመን የተጠረቡ ሣጥኖችና ወንበሮች፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ትልልቅ የተሸመኑ ስጋጃዎች፣ ጥንታዊ ጨርቆች፣ ሥዕሎች፣ የሮማ ቅርጻ ቅርጾችና የሕትመት ሥዕሎች ነበሩ። በተጨማሪም ሰው የማያስባቸው ነገሮች፦ የድንጋይ ምድጃ፣ የበር ፍሬም፣ ከግድግዳ የተነቀለ የተቀረጸ እብነ በረድ። ከጣሊያንና ከፈረንሳይ እያስመጣች ጎውኹፍ ግድግዳ ውስጥ አስገነባቻቸው። ይህን በደንብ ያዙልኝ። በዕቃዎቹ ዕጣ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣው እሱ ነው።

ከዕቃዎቹ አንዱን ብቻ ልወቅ ካልኩ የቱን?

የሳፎን እንስራ። ሳፎ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሌስቦስ ደሴት የኖረች ባለቅኔ ናት። እንስራው የተሠራው አቴና ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ510 አካባቢ ነው። ጥቁር መደብ ላይ አንዲት ሴት በገና መሰል መሣሪያ ይዛ ቆማለች። ከጎኗ ስሟ ተጽፏል። እስካሁን ከሚታወቁት የሳፎ ምስሎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ሠሪው ስሙን አልጻፈም። ስለዚህ ሊቃውንት ሰውየውን በዚህ እንስራ ምክንያት «የሳፎ ሠዓሊ» እያሉ ይጠሩታል።

ደስ የሚለው ይህ ዕቃ አልጠፋም። ዛሬ በዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አንዲት ሴት በገና ይዛ የተሳለችበትን እንስራ ሌላ ሴት ገዝታ ጠብቃ ማቆየቷ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ግንቡ ፖላንድ ውስጥ ሆኖ ለምን ፈረንሳይ ያለ ይመስላል?

ሆን ተብሎ ነው። እድሳቱ የተካሄደው ከ1875 እስከ 1885 ነው። ሐሳቡ የተወሰደው በዘመኑ የድሮ ሕንፃ እድሳት ቁንጮ ከነበረው ፈረንሳዊው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ ነው። ንድፉ ላይ አማቹ ሞሪስ ኡራዱ ሠርቷል። ቦታው ላይ ሥራውን ከመሩት መካከል ፖላንዳዊው ዚግሙንት ጎርጎሌቭስኪ ይገኝበታል። ሹል ጣሪያዎቹ፣ ረጃጅም የጭስ መውጫዎቹና ማማዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ያለውን የሎዋር ሸለቆ የህዳሴ ዘመን ግንቦች ያስታውሳሉ።

አንዳንዶች «የድሮውን የፖላንድ መልክ አጠፋችው» ብለው ይወቅሷታል። ወቀሳው ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ ዛሬ የምናየው ግንብ የ16ኛው መቶ ዓመት ሌሽቺንስኪ የሚያውቀው ግንብ አይደለም። ሆኖም የቀረው ፍርስራሽ ነበር። ቅስት ያለውን አደባባይ የመሰለ ከድሮው የተረፈ ነገር በአዲሱ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጋለች። ፈረንሳይ ደግሞ ለእሷ ባዕድ አገር አይደለችም። ያደገችበት ነው።

ግንቡ ውስጥ ትኖር ነበር?

ዋና መኖሪያዋ ግንቡ አልነበረም። ግንቡን ለዕቃዎቹ ለቀቀችላቸው። እሷ በመናፈሻው ውስጥ ቀድሞ የአረቄ መጥመቂያ የነበረ ሕንፃ አሳድሳ መኖሪያ አደረገችው። ልዕልት ናት፤ ባለ ማማ ግንብ አላት፤ የምታድረው ግን በቀድሞው መጥመቂያ ነው። ለስብስቡ የነበራትን ክብር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ግንቡ በ1885 አካባቢ ሥራው ሲያልቅ ለጎብኚ ተከፈተ። ክፍሎቹ እንደ መኖሪያ ቤት የተሰናዱ ነበሩ። ዕቃው በመስታወት ሣጥን ብቻ ተደርድሮ ሳይሆን በየቦታው፣ ሰው የሚኖርበት ይመስል ተቀምጦ ነበር።

እንዲህ ያለ ሀብት ለምን ፓሪስ አላኖረችውም?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ፓሪስ ቢሆን ጎብኚውም ብዙ፣ ደኅንነቱም የተሻለ ነበር። ጎውኹፍ በዚያን ጊዜ በፕራሻ ግዛት ሥር፣ ለሩሲያ ድንበር በጣም ቅርብ የሆነ ቦታ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሻግሮ ያለው ካሊሽ የሩሲያ ነበር።

ፕራሻም በዚያ ዘመን ፖላንዶችን ጀርመን ለማድረግ አጥብቃ ትሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ቋንቋቸውን ትገድባለች። ከ1886 ጀምሮ ደግሞ የፖላንዶችን መሬት እየገዛ ጀርመኖችን የሚያሰፍር ኮሚሽን ነበራት። በዚህ መሃል አንዲት ሴት የአውሮፓን ምርጥ ዕቃ ሰብስባ ፖላንድ መሬት ላይ፣ በፖላንድ ስም ታስቀምጣለች። እኛ አውሮፓውያን ነን፣ እዚህም ነን ማለት ነው። ወንዶቹ በጠመንጃ ሞክረው አልሆነላቸውም። እሷ በሌላ መንገድ ሞከረች። ለአደጋ የተጋለጠ ቦታ መምረጧ ስህተት ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ያለችውን ማለት አትችልም ነበር።

ከሞተች በኋላ እንዳይበተን ምን አደረገች?

ሁለት ነገር አደረገች።

አንደኛው ሕግ ነው። ልጅ ስላልነበራት ወራሾች ይከፋፈሉታል የሚል ስጋት ነበረባት። ስለዚህ በ1893 ጎውኹፍን የማይከፋፈልና የማይሸጥ ርስት አድርጋ አቆመችው። ርስቱ በቻርቶሪስኪ ቤት ውስጥ ከአንድ ወራሽ ወደ አንድ ወራሽ ብቻ ይተላለፋል። ዕቃውም ከግንቡ አይነጠልም።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። በዘመኑ የታወቁ የፈረንሳይ ሊቃውንትን ቀጥራ እያንዳንዱን ዕቃ አስመዘገበች። የግሪክ ሸክላው ካታሎግ በ1886 ፓሪስ ውስጥ ታተመ። በ1899 የጥንታዊ ዕቃዎቹ ሁሉ መዝገብ ወጣ። የመካከለኛው ዘመንና የህዳሴው ክፍል በኤሚል ሞሊኒዬ ተዘጋጅቶ በ1903 ታተመ። ያን ጊዜ እሷ የለችም። በመጋቢት 1899 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ማንቶን ከተማ አርፋለች። የተቀበረችው ግን ጎውኹፍ መናፈሻ ውስጥ ባለች አሮጌ ጸሎት ቤት ነው።

ሕጉ ለ46 ዓመት ሠራ። መዝገቡ ዛሬም ይሠራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምን ሆነ?

በ1939 አጋማሽ ጦርነቱ እንደማይቀር ግልጽ ሆኖ ነበር። ጎውኹፍ ለዚያን ጊዜው የጀርመን ድንበር ቅርብ ነበር። የዚያን ጊዜዋ እመቤት ማሪያ ሉድቪካ ቻርቶሪስካ ከስብስቡ በጣም ውድ የሆነውን አሳሽጋ ወደ ዋርሶ ላከችው። ሣጥኖቹ በክሬዲቶቫ ጎዳና፣ ቁጥር 12 ቤት ውስጥ ተደበቁ። ግድግዳ ተገንብቶባቸው ነበር።

ዋርሶ በቦምብ ስትደበደብ እንኳ ተረፉ። ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሳያገኛቸው ቆዩ። በታኅሣሥ 1941 ግን ጀርመኖች ደረሱባቸው። ሣጥኖቹን አውጥተው ዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም አስገቧቸው። ሙዚየሙ ያን ጊዜ በወራሪው ቁጥጥር ሥር ነበር።

ጎውኹፍ የቀረው ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። አካባቢው በቀጥታ ወደ ጀርመን ግዛት ተቀላቀለ። ግንቡ በወራሪው እጅ ገባ። ለመጓጓዝ ከባድ ሆኖ የቀረው ዕቃ ቀስ በቀስ ተወሰደ፣ ተበተነ።

ዋርሶ የነበረውስ?

በ1944 የዋርሶ ሕዝብ በወራሪው ላይ ተነሣ። አመፁ ተደመሰሰ፤ ከተማዋም እንዳልነበረች ሆነች። ጀርመኖች ሙዚየሙን ሲያራቁቱ የጎውኹፍን ሣጥኖችም ጫኑ። ብዙው የሄደው ኦስትሪያ ውስጥ፣ ዜል አም ዜ አጠገብ ወዳለው ፊሽሆርን ግንብ ነው። ኤስኤስ የተባለው የናዚዎች ታጣቂ ኃይል የተዘረፈ ዕቃ ያከማችበት ነበር። ከአንድ ግንብ የወጣ ዕቃ ሌላ ግንብ ውስጥ ተጣለ።

በግንቦት 1945 አሜሪካውያን ሲደርሱ ሣጥኖች ተሰብረው፣ ዕቃ ተበትኖ ነበር። በመጨረሻዎቹ የጦርነት ቀናት በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ የቻለውን ይዞ ሄዷል። የሊሞዥ ኢናሜል ክፉኛ የተጎዳውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ትንሽ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ እንደ ሸክላ አይሰበርም፤ ዋጋውም ከፍተኛ ነው። ለሌባ የተሠራ ይመስላል። የቆጨኝ ይህ ነው፤ ለመቶዎች ዓመታት እሳትና ጊዜ ያልበገረው ዕቃ በሰው ኪስ ውስጥ ጠፋ።

የተገኘው በ1946 ለፖላንድ ተመለሰ። ከስብስቡ የተወሰነው ደግሞ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ነበር። እሱም በ1956 ሞስኮ ለፖላንድ ከመለሰቻቸው ቅርሶች ጋር መጣ።

የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል ያለበት የቻርቶሪስኪ ስብስብ ይሄ ነው?

አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል። «እመቤቲቱና ኤርሚኗ» የተባለው የሊዮናርዶ ሥዕል ያለው ክራኮቭ ከተማ ነው። ያን ሙዚየም ያቋቋመው የኢዛቤላ ወንድም ቭዋዲስዋፍ ቻርቶሪስኪ ነው። መሠረቱ ደግሞ የአያታቸው የፑዋቪ ስብስብ ነው። በታኅሣሥ 2016 የፖላንድ መንግሥት በ100 ሚሊዮን ዩሮ የገዛው እሱን ነው። ከዚያው የተዘረፈው የራፋኤል «የወጣት ምስል» ከ1945 ጀምሮ ደብዛው ጠፍቷል።

የእኅትየዋ የጎውኹፍ ስብስብ ሌላ ነው። ሊዮናርዶ ስለሌለበት ብዙም አይወራለትም። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። በሸክላውና በኢናሜሉ የአውሮፓ ትልልቅ ሙዚየሞች የሚመኙት ዓይነት ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ለቤተሰቡ ለምን አልተመለሰም?

በመስከረም 1944 የወጣው የመሬት ይዞታ አዋጅ ትልልቅ ርስቶችን ወረሰ። ግንቡም መናፈሻውም የመንግሥት ሆነ። የተገኙት ዕቃዎችም በብሔራዊ ሙዚየሞች ውስጥ ቀሩ።

ዛሬ ግንቡ ውስጥ የሚታየው የእሷ ዕቃ ነው?

ከፊሉ። ግንቡ አሁን የፖዝናን ብሔራዊ ሙዚየም ቅርንጫፍ ነው። ከ1962 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ክፍሎቹ የተሰናዱት ከተረፈው የእሷ ዕቃና ከሌላ ቦታ በመጣ የዘመኑ ዕቃ ነው። የግሪክ ሸክላዎቹ አብዛኞቹ ዋርሶ ናቸው። የተወሰኑት ግን ወደ ጎውኹፍ በውሰት ተመልሰው በሸክላው ክፍል ይታያሉ።

ጨርሶ ያልተነቃነቀው ግድግዳ ውስጥ የገባው ነው። ምድጃዎቹ፣ የድንጋይ የበር ፍሬሞቹ፣ የተቀረጹት እብነ በረዶች ብዙዎቹ እሷ ካስገነባችበት ቦታ አሉ። ጦር ሠራዊት ሣጥን ይጭናል፤ ከባድ የድንጋይ ምድጃ ነቅሎ ለመሄድ ግን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ግንቡን የሚጎበኝ ሰው የእሷን ዓይን በትክክል ማየት የሚችለው በወንበሩና በጠረጴዛው ሳይሆን በምድጃው ነው።

የጠፉት ዕቃዎች እየተገኙ ነው?

አልፎ አልፎ። ከጎውኹፍ የወጡ የኢናሜል ሥራዎች በምዕራቡ ዓለም በጨረታ ቤትና በግል ስብስብ ውስጥ ብቅ ብለዋል። ገዢው ብዙ ጊዜ ምን እንደገዛ አያውቅም። ዕቃው ሦስት አራት እጅ አልፏል፤ የመጀመሪያው ወረቀት የለም።

እዚህ ላይ ነው የፓሪሶቹ ካታሎጎች የሚመጡት። መጠኑ፣ ቅርጹ፣ የተሰበረ ጠርዙ ሁሉ እዚያ ተጽፏል፤ ምስልም አለ። የዕቃው ባለቤት «የአያቴ ነው» ሊል ይችላል። ካታሎጉ ደግሞ በ1903 ይህ ዕቃ፣ በዚህ ስንጥቅ፣ ጎውኹፍ ነበር ይላል። ብዙ የተዘረፉ ስብስቦች እንዲህ ያለ ማስረጃ የላቸውም። ኢዛቤላ ካታሎጎቹን ስታሠራ ስለ ዘረፋ አስባ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ውጤቱ ግን ይኸው ነው።

የፖላንድ ባህል ሚኒስቴር በጦርነቱ የጠፉ ቅርሶችን የሚመዘግብ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች ተመዝግበውበታል። ጥንታዊ የአውሮፓ ዕቃ የሚገዛ ወይም የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ እዚያ መፈለግ አለበት። ቀላል ነው፤ ብዙዎች ግን አያደርጉትም።

ከተገኘ ለማን ይመለስ? ለግንቡ፣ ለዋርሶ ወይስ ለወራሾቹ?

የከረረ ክርክር ነው። ወራሾች የግል ንብረት ነው፣ ተዘርፈናል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። መንግሥት ደግሞ የአገር ቅርስ ነው ይላል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ኢዛቤላ ራሷ መልስ ትታለች ባይ ነኝ። በ1893 የጻፈችው ዕቃው ከግንቡ እንዳይነጠል ነው። ለየትኛው ወራሽ እንደሚደርስ ከማሰቧ በላይ የት እንደሚኖር አስባለች። ባለቤትነቱ የማንም ይሁን የማን፣ የሚታየው ጎውኹፍ ቢሆን ቃሏ ይጠበቃል።

መጎብኘት ፈልጌ ነበር። ምን ልወቅ?

የሚቀርበው ትልቅ ከተማ ካሊሽ ነው፤ በመኪናም በአውቶቡስም ብዙ አያስኬድም። ከፖዝናን ከተነሣችሁ ረዘም ያለ ነው፤ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ያዙለት። እንዲህ ያሉ የድሮ ሕንፃዎች ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ የሙዚየሙን ድረ ገጽ አይታችሁ ሂዱ።

ለመናፈሻው ጊዜ ስጡት። ከ150 ሄክታር በላይ ነው። ዛፎቹን ከሩቅ አገር ጭምር እያስመጣ ማስተከል የጀመረው ያን ነው፤ ከሸክላ እኩል ዛፍ ይወድ ነበር። ኢዛቤላ የኖረችበት የቀድሞው መጥመቂያ ዛሬ የደን ሙዚየም ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ የአውሮፓ ጎሾች የሚታዩበት አጥር አለ። ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ ከጎሾቹ ብትጀምሩ ይሻላል፤ ልጆቹ ደስ ካላቸው በኋላ የሸክላውን ክፍል ረጋ ብላችሁ ታያላችሁ።